ጨው የማይገባበት ኩርኩፋ

ሰሞኑን፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ከጎረቤት ግቢ የዱባ ቅጠል ሲቀቀል ሸተተኝ። በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር፤ ከቆርቆሮው ላይ ውሃው ገና ይንጠባጠባል። የለጋ ዱባ ቅጠል ሽታ… ምን ብዬ ልግለጸው? እርጥብ አፈርና የታጨደ ሣር አብረው የፈሉ ይመስላል። ደስ ይላል የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ጎረቤቶቼ ቀይ ሽንኩርትና ዘይት ስለሚጨምሩበት ሽታው ብዙም አይቆይም፤ ወዲያው ቁሌቱ ይውጠዋል። ሽንኩርቱ ከመግባቱ በፊት ባለችው አጭር ጊዜ ግን እኔ በረንዳው ላይ አልነበርኩም። ኦቾሎ፣ እናቴ ቤት ነበርኩ። ጭሱን ሸሽቼ በሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ ድስት ላይ ያጎነበሰውን የወንድሜን ጀርባ አያለሁ።

ወንድሜ ታምሩ ይባላል። ታላቄ ነው። «ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ይሁን፣ አልሰርዘውም። ሸማኔ ነበር። አባታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተ እኔንም ታናሽ እህታችንን አልማዝንም ያሳደገን የእሱ እጅ ነው። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ከኦቾሎ አውርዶ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ከአንዲት የአስተማሪ ሚስት ግቢ ውስጥ በተከራያት ክፍል አብሬው እንድኖር አደረገኝ። የዚያን ጊዜዋ ሲቀላ አሁን ድረስ ዓይኔ ላይ ናት። ባጃጅ ገና አልበዛም፤ መንገዱን የሞሉት ብስክሌቶችና የአህያ ጋሪዎች ነበሩ። ከመናኸሪያው ጥግ አንድ ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ ስለሚያዞር ሰፈሩ ሁሉ ቃሉን ሸምድዶ፣ ሳያስበው እያፏጨ ውሃ ሊቀዳ ይሄድ ነበር። ሙዝ እንደ አሁኑ በኪሎ ሳይሆን በእጅ እየተገመተ ይሸጣል። አንድ እስር ጎመን በሳንቲም ይገኛል፣ ምራቂውም አይቀርም። የሽፈራው ቅጠልማ ማን ይገዛው ነበር? ከየግቢው አጥር ላይ ይለቀማል። ታምሩ ዘወትር የሚለብሳት አንዲት ቡናማ ኮት ነበረችው፤ ክርኗን ራሱ በሸመነው ጥለት ጠግኗት ነበር። ለመስቀል ብቻ ዱንጉዛ ሱሪውን ያወጣል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ሲለብሰው አረማመዱ ራሱ ይቀየር ነበር።

ወጥ ቤት መግባት የወንድ ሥራ አይደለም፤ እኛ አገር ደግሞ ይብሳል። ታምሩ ግን ያበስል ነበር። ይህን የተማረው አዲስ አበባ ነው። ከኦቾሎና ከዙሪያው የሄዱ ወጣት ሸማኔዎች ሽሮ ሜዳ አንድ ቤት ተከራይተው፣ ቀን ጉድጓድ መሸመኛቸው ላይ ውለው፣ ማታ እዚያው መሸመኛው አጠገብ ይተኛሉ። ሴት አብሯቸው የለም። መጀመሪያ ዳቦና ሻይ ነበር ምግባቸው። ኋላ ግን አንዱን ኩርኩፋ አማረው፤ ከዚያ ሁሉንም አማራቸው። ኩርኩፋ ለማያውቀው ሰው፣ የበቆሎ ሊጥ በመዳፍ እየተድቦለቦለ ከጎመን ወይም ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚበስል የእኛ አገር ምግብ ነው። በየተራ ሞከሩት፣ በየተራም አበላሹት። ለታምሩ ብቻ ሆነለት። «ሌሎቹ እየራባቸው ነበር የሚሠሩት፤ እኔ እየናፈቀኝ ነው የሠራሁት» ይለኝ ነበር። ወደ አርባ ምንጭ ሲመለስም አልተወውም። የግቢው ባለቤት እትዬ አሰለፈች በመስኮት እያዩት ይስቁ ነበር።

«አንተ ታምሩ፣ ሚስት የማታገባው ይሄን ድስት ፈርተህ ነው?» ይሉታል።

«ድስቱ ነው የማያስገባት፣ እትዬ። ቀናተኛ ነው።»

እትዬ አሰለፈች ከሰሜን፣ ከባላቸው ምደባ ጋር የመጡ ሴት ነበሩ። ባላቸው ጡረታ ወጥተው እዚያው ቢያርፉም እሳቸው አልተመለሱም። ስለ ምግባችን መጠየቅ ይወዳሉ፤ መቅመሱን ግን እንጃ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ሳላብራራው ካለፍኩ የቀረው አይገባም። በጋሞ አገር የቤቱ ታላቅ «ባይራ» ይባላል። ባይራ መሆን የዕድሜ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ሥራም አለው። አዲስ እህል ወይም አትክልት ሲደርስ፣ ከራስ መሬት የወጣውን ባይራው ቀምሶ «ብሉ» ሳይል ከቤቱ ማንም አይቀምስም። ከገበያ የተገዛ ይበላል፣ ከጎረቤት የመጣ ይበላል፤ የራስ ማሳ ግን ይጠብቃል። በኛ ጊዜ ብዙ ቤት ትቶት ነበር። ጎረቤቶቻችን ጸሎት አድርገው ይበሉ ነበር፤ ማንም ምንም አላላቸውም። እናታችንም ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ይህን ነገር ግን አልተወችውም። ለምን ብዬ ብጠይቃት «አባትህ አልተወውም» አለችኝ፤ በዚያው ተቋጨ።

ስለዚህ በየዓመቱ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እኔና ታምሩ ወደ ኦቾሎ እንወጣለን። በአይሱዙ እስከ ላንቴ፣ ከዚያ በእግር ዳገቱን። ኦቾሎ ሸንተረር ላይ የተሰቀለች መንደር ናት። እየወጣን ዞር ባልን ቁጥር አባያ ከታች እየሰፋ ይሄዳል፤ ያ ቀይ አፈር የተበጠበጠበት የሚመስለው ውሃው ጠዋት ላይ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ታምሩ ትንፋሹን ለመሰብሰብ ሲቆም «ሐይቁን ልይ ብዬ ነው» ይላል። ድካም አያምንም።

መጀመሪያ መጀመሪያ እናታችን ነበረች የምታበስለው። እንደ ማንኛውም ሰው ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ጨው ታገባለች። አንድ ዓመት ግን የአባታችን እህት አክስቴ ወርቄ መጣች። ያኔ አሮጊት ነበረች፤ አሁንም እንደዚያው ናት፣ ዕድሜዋ እዚያው የቆመ ይመስላል። ድስቱን ከፍታ አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

«ይሄ የማን መሬት ነው ሽንኩርት ያበቀለው?»

«የገበያ ነው አክስቴ» አለ ታምሩ።

«ታዲያ ምን ትቀምሳለህ? ገበያውን ነው የምትቀምሰው? የመጀመሪያው ቅምሻ ላይ ከገበያ የመጣ አይገባም። ሽንኩርት ቢሆን፣ ዘይት ቢሆን፣ ጨውም ቢሆን።»

እናታችን ተቆጣች። «ያለ ጨው ማን ይበላል?» አለች።

«እናቴ ትበላ ነበር። የእናቴም እናት። ዘይት ዳገቱን ሳይወጣ በፊት ሰው አፍ አልነበረውም እንዴ?»

እናታችን ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ጓሮ ወጣች። ታምሩ ግን ያን ቀን ከአክስቴ ወርቄ ጎን አልተነሳም። እንዴት ይሠራ እንደነበር፣ ምን ይቀድም፣ ምን ይከተል እንደነበር ጠየቃት፤ መለሰችለት፤ እንደገና ጠየቃት። አክስቴ እየሰለቻትም ደስ ይላት ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያውን ቅምሻ የሚያበስለው እሱ ራሱ ሆነ፣ እንደ ድሮው አድርጎ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የባቄላው ገለባ ከዓመት በፊት ይቀመጣል። ይቃጠልና አመዱ፣ ታችዋ በተበሳች፣ ሣር በተጎዘጎዘባት ቅል ውስጥ ይደረጋል። ውሃ ይፈስበታል፤ ውሃው ከስር ጠብ ጠብ እያለ፣ ቀለሙ እንደ ቀጭን ሻይ ሆኖ ይወርዳል። ጨው ማለት ያ ነው። ከሌላ ገለባ አይሆንም፤ የባሕር ዛፍ አመድማ አፍ ይልጣል። በቆሎው ገና ሳይደርቅ፣ ጥፍር ሲጫኑት ገና ወተት እያወጣ፣ ሳይጠጥር ይሸለቀቅና ድንጋይ ላይ ይፈጫል። ሊጡ ውሃ አይፈልግም፣ የራሱ ይበቃዋል። ድስቱ ሥር ጎመኑ ከነአገዳው ይነጠፋል። በላዩ የባቄላ እሸት፣ በላዩ ቆዳው ያልጠነከረ ዱባ፣ በላዩ ድቡልቡሉ ሊጥ፣ ከሁሉም በላይ የዱባው ለጋ ቅጠል ክሩ ተገፍፎ ይከደናል። ነጭ ሽንኩርት፣ ኮሰረትና ቃሪያ ከጓሮ ተለቅመው ይወቀጣሉ፤ ከአመዱ ውሃ ጋር ተደባልቀው በዳር በዳር ይፈሳሉ። ከዚያ የድስቱ አፍ በእሳት በለበለቡት የእንሰት ቅጠል ይታሰራል። ከዚህ በኋላ ማንም አይነካውም። ማማሰያ የሚባል ነገር የለም። ካማሰሉት ድቡልቡሉ ይፈርሳል፤ ከከፈቱት እንፋሎቱ ያመልጣል፣ ላይኛው ጥሬ ይቀራል።

«ታዲያ መብሰሉን በምን ታውቃለህ?» አልኩት።

ጆሮውን ወደ ድስቱ አስጠጋ። «ስማ። አሁን ይንተከተካል አይደል? ቆይቶ ድምፁ ይቀጥናል። ውሃው አልቆ ጎመኑ ሥሩን ሲነካ ‹ጭስ› ይላል። ያኔ ታወርደዋለህ። ያችን ካሳለፍካት አረረ።»

ጆሮዬን አስጠጋሁ። ለእኔ ያው መንተክተክ ነበር።

ሲወርድ የመጀመሪያዋ ድቡልቡል ከመሐል ትወጣና የጓሮ ላማችን ቅቤ ይቀባታል። ታምሩ በአባታችን በርጩማ ላይ ይቀመጣል። እናታችን ረጅሙን የእንጨት ማንኪያ ይዛ ትቆማለች፤ አልማዝ ሳህን ታቅፋለች፤ እኔ ምራቄን እውጣለሁ። ጠዋት ምንም ሳንቀምስ ነው የምንውለው። እሱ ግን ቀስ ብሎ ያኝካል። ዓይኑን ይጨፍናል። እንደገና ያኝካል። ከዚያ፣ ልክ እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«ጨው ይጎድለዋል» ይላል።

አክስቴ ወርቄ «ኧረ ይሄ ልጅ!» ብላ ትጮሃለች። እናቴ በማንኪያው ትከሻውን ታገኘዋለች። እሱ እየሳቀ እጁን ያነሳና «እሺ እሺ፣ ብሉ! ብሉ!» ይላል። በየዓመቱ ያው ነበር። በየዓመቱ እንደሚለው እናውቃለን፤ በየዓመቱ አክስቴ ከልቧ ትናደዳለች።

ታምሩ የሞተው በበጋ ነው። ሕመሙ ረጅም አልነበረም። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም፤ መጻፍ የምችለውም አይመስለኝም። ቀብሩ ኦቾሎ ሆነ። ለቅሶው ካለቀ በኋላ ወደ ሲቀላ ተመለስኩ። ትምህርቴን ጨርሼ የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። መሸመኛውን ሰው ወሰደው። ኮቱ ግን ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ቆየ። ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ ክረምቱ ገባ፣ ጎመኑ ደረሰ፣ ዱባው ዘረጋ። ይህን ሁሉ የማውቀው ሳላየው ነው። መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም። ከእሱ ቀጥሎ ወንድ እኔ ነኝ። ልጅ አልነበረውም። ስለዚህ የሚቀምሰው እኔ ነኝ። ለአንድ ቁራሽ ሊጥ ይህ ሁሉ ምንድነው የሚል ይኖራል። ነገሩ ግን ቀላል ነበር፦ ከቀመስኩ ባይራው እኔ ነኝ፤ ባይራው እኔ ከሆንኩ እሱ የለም። መቃብሩን አይቻለሁ፣ አፈር በእጄ በትኛለሁ፤ ያ ሁሉ እንደዚህ አልነበረም። በዚህኛው የምፈርመው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ በስልክ «ሥራ በዝቶብኛል» አልኩ። እንደገና ሲደወል «መንገዱ ጭቃ ነው» አልኩ።

አልማዝ ራሷ ወረደች። መጋዘኑ በር ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው።

«መንገዱ ጭቃ ነው ያልከው እውነት ነው» አለችኝ።

ሻይ ልጋብዝሽ ብላት አልተቀመጠችም።

«እናታችን ምን እየበላች እንደሆነ ታውቃለህ? ከገበያ የገዛችውን ጎመን። በራሷ ጓሮ ጎመኑ አብቦ፣ ዱባው መሬት ነክቶ እየበሰበሰ፣ እሷ ከገበያ ትገዛለች። ጎረቤት ሲጠይቃት ‹ልጄ እስኪመጣ› ትላለች። የትኛው ልጇ እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

«አንቺ ብሉ ብለሽ ንገሪያት።»

«እኔ ልበላት?» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደረቅ ነበር። «ብዬአታለሁ። ‹እኔ አባታችሁን ስጠብቅ አርጅቻለሁ፣ አሁን አልጀምርም› አለችኝ። ወንድሜ፣ እየከሳች ነው። ማታ ማታ ደግሞ ምንም አትበላም። አንተ ካልመጣህ የዘንድሮው ሁሉ እዚያው መሬት ላይ ያልቃል፤ እሷም አብራው።»

ይህን ብላ የሚመለሰው መኪና ላይ ተሳፈረች። ቆሜ ቀረሁ። ያን ቀን ማታ አንድ ነገር ወሰንኩ። እቀምሳለሁ። ግን ሌላ ሰው ያበሰለውን አልቀምስም፤ በሽንኩርትና በዘይት የተሠራውንም አልቀምስም። መቅመስ ካለብኝ እሱ የሚሠራውን፣ እሱ እንደሚሠራው፣ በእጄ ሠርቼ። ይህ ባይሆን ግን ኦቾሎ አልደርስም። ችግሩ፣ እኔ እድሜዬን ሙሉ በር ላይ ተቀምጬ አየሁ እንጂ አንድ ቀን ሊጥ ነክቼ አላውቅም።

ስለዚህ ከገበያ ጎመንና ዱባ ገዝቼ ልምምድ ጀመርኩ። በተገዛ መለማመድ አይከለከልም። ለሊጥ የሚሆን ትኩስ በቆሎ ከምዕራብ አባያ ከሚመጡ ሴቶች መንገድ ዳር አገኘሁ። የመጀመሪያውን በላምባ ምድጃ ሠራሁት። ድምፁን ለመስማት ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ምድጃው ራሱ እንደ አውሮፕላን ያጉረመርማል። ምን ሊሰማኝ? አረረ። በማግስቱ እንዳያር ብዬ ከፈትኩትና በማንኪያ ነካሁት። ትንሽ ብቻ ነው የነካሁት። ድቡልቡሎቹ ሁሉ ፈርሰው አረንጓዴ ነገር ሆኑ። እትዬ አሰለፈች ሽታው ስቧቸው በሩ ላይ መጡ።

«ይሄ ገንፎ ነው ወይስ ሾርባ?»

«ኩርኩፋ ነው፣ እትዬ።»

ድስቱን አዩ። ከዚያ ሚስማሩ ላይ ያለውን ኮት አዩ። ወጥተው ሄዱና ተመልሰው የመጡት የከሰል ምድጃና የሸክላ ድስት ይዘው ነው።

«ብረት ድስት ቶሎ ይቆጣል» አሉ። «ሸክላ ይታገሣል። ከሰል ደግሞ አይጮህም። ወንድምህ ሲሠራ ሁልጊዜ እዚያ ዛፍ ሥር፣ በከሰል ነበር፤ አላየህም?»

ማየቱንስ አይቼ ነበር። በዚያ ሳምንት ከሥራ ስወጣ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ሠርቼ አጣሁት፣ ሠርቼ አጣሁት። የተበላሸውን ደብቄ እበላዋለሁ፤ ጎረቤት እያየ መድፋት ያሳፍራል። አንድ ምሽት፣ ዛፉ ሥር ቁጢጥ እንዳልኩ፣ መንተክተኩ ቀጠነ። ቀጠነና፣ «ጭስ» አለ። በጣም ትንሽ ድምፅ ናት። ሰው ከንፈሩን እንደሚመጥጥ ያለች። ዘልዬ አወረድኩት። ስከፍተው ድቡልቡሎቹ ቆመዋል፤ ጎመኑ ሥሩ ላይ ወርቃማ ሆኖ እንጂ አላረረም። እትዬ አሰለፈች በመስኮት «ምነው ቆመህ ቀረህ?» አሉኝ። ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ፣ ኮቱን ለብሼ፣ ላንቴ ድረስ በመኪና ሄጄ ዳገቱን ወጣሁ።

እናቴ ስታየኝ መጀመሪያ ያየችው ኮቱን ነው። እጅጌውን ይዛ ጨመቀችው፣ ለቀቀችው። በእርግጥም ከስታለች። ጓሮውን ዞሬ አየሁት። ጎመኑ ብዙው አብቧል፤ ዱባው ግማሹ ትሎች ገብተውበታል። ግን ከጥላው ሥር ዘግይተው የወጡ ለጋዎች ነበሩ፤ ባቄላውም ዳር ዳሩ እሸት አለው። «ይበቃል» አልኩ። አልማዝ ሳትጠየቅ ቅርጫት አመጣች።

ማድቤት ስገባ የመንደሩ ሴቶች ጥግ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር፤ ወሬ ቶሎ ይወጣል። አንዷ «ሸማኔው አስተምሮት ሄዷል!» አለች። ሌላዋ «ሊጥ ሲይዝ እዩት፣ ልጅ ታቅፎ የማያውቅ ሰው ይመስላል» አለች። ሳቁ። ይሳቁ፤ ሳቅ ከለቅሶ ይሻላል። አክስቴ ወርቄ ቅሏን ታቅፋ መጣች። የአመዱን ውሃ በጣቷ ቀምሳ «ቀጠነ፣ እንደገና» አለችኝ። እንደገና አሳለፍኩት። «አሁንም» አለች። አሁንም አሳለፍኩት። ሊጡን ሳድቦለብል ደግሞ «አንተ ልጅ፣ ድንጋይ ነው የምትሠራው? እፍኝህን ላላ አድርግ» አለች። ላላ አደረግኩ። ነጠፍኩ፤ ከደንኩ፤ የእንሰቱን ቅጠል ራሴ ለበለብኩ፣ ራሴ አሰርኩ። እናቴ አንዴ ልትረዳኝ እጇን ዘረጋች፤ «ተዪው» አልኳት። ተወችው።

ሴቶቹ ዝም እንዲሉ ለመንኳቸው። ዝም አሉ። ጆሮዬን አስጠግቼ ጠበቅሁ። አልማዝ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ቁጢጥ ብዬ አንገቴን ሳዘነብል ልክ እሱን እመስል ነበር። እናቴም ያየችው ያንን ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በዚያ ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ጭስ» አለ። አወረድኩት።

የመጀመሪያዋን ድቡልቡል ከመሐል አወጣሁ፣ ቅቤ ቀባኋት። ከዚያ ሌላ አንድ አውጥቼ በትንሽ ሳህን ለብቻ አደረግኩ። አክስቴ ወርቄ አየችኝ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የታምሩ። እሱ አስቀድሞ…»

«አይሆንም» አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለውም። «የሞተ ሰው አይቀምስም። ብታስቀምጥለት ይህ ቤት እሱን እየጠበቀ ይራባል። እሱ ይሄን ይወዳል? ተቀመጥ።»

በርጩማው ባዶ ነበር። ከለቅሶው ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። ሳህኑን ወደ ድስቱ መልሼ ገለበጥኩና ተቀመጥኩ። ቁመቴ ከእሱ ስለሚያንስ እግሬ እንደ እሱ ደህና አላረፈም። እናቴ ማንኪያውን ይዛ ቆመች። አልማዝ ሳህኑን ታቀፈች። ሴቶቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ድቡልቡሏን ጎረስኩ።

ዘግይቶ የወጣ ለጋ ዱባ፣ ትንሽ የሚመር ቅጠል፣ ወተት ያለው በቆሎ፣ ከጀርባው ያ የአመዱ ውሃ፣ ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርግ። መሐሏ በደንብ በስሏል። ልክ እሱ የሚሠራው ነበር። አኘኩ። ደግሜ አኘኩ። አንዲት ቃል ነበረች የሚጠብቁት፤ «ብሉ» ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። አፌን ስከፍት አልወጣ አለ። እንደገና ሞከርኩ።  እናቴ ዓይኗን ከአፌ ላይ አላነሳችም። ከንፈሯ ደርቋል። ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰች ያኔ ትዝ አለኝ፤ ከጠዋት ብቻም አይደለም። ዋጥኩት። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ጨው ይጎድለዋል» አልኩ።

 አልማዝ ሳህኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ከዚያ አክስቴ ወርቄ፣ ከልቧ ተናዳ፣ «ኧረ ይሄም ልጅ!» ብላ ጮኸች። እናቴ ማንኪያውን አነሳች።  ትከሻዬን፣ ከአንገቴ ሥር ያለውን ቦታ፣ አገኘችኝ። ያማል፤ ቀላል ማንኪያ አይደለም።

«ብሉ» አልኩ። «ብሉ እንጂ።»

እናቴ ማንኪያውን ጣለችና በእጇ ከድስቱ ወሰደች። ሳህን አልጠበቀችም።